ከእንግዲህ አይሄድም

ፈረንሳዮች በቁማር ገበታ ዙሪያ የሚሏት አንዲት ሐረግ አለች። «ሪያን ን ቫ ፕሉ» ትባላለች፤ ቃል በቃል ስትፈታ «ከእንግዲህ ምንም አይሄድም» ማለት ናት። ሩሌት በተባለው ጨዋታ አጫዋቹ አስቀድሞ «ፌት ቮ ዡ»፣ ማለትም «አስይዙ» ይላል። መንኰራኩሩ ዞሮ ኳሷ ልትወድቅ ስትቃረብ ግን ያችን ሐረግ ያውጃል። ከዚያ ወዲያ ማስያዝ ክልክል ነው።

ሐረጊቱ ከቁማር ቤት ወጥታ በኑሮ መካከል ገብታለች። ፈረንሳዊው ትዳሩ ሲናጋ፣ ሥራው ሲሰናከል፣ አገሩ ሲታወክ «ሪያን ን ቫ ፕሉ» ይላል፤ «ነገር ሁሉ ተበላሸ» ማለቱ ነው።

ይህ ለደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩበት በዚያ ደብር፣ አንድ ቃል ሁለት ምስጢር ሲሸከም «ኅብር» ይባላል። የእኛው «ዘረፋ» እንኳ እንዲሁ ነው፤ በጉባኤ ቤት ቅኔ መቀኘት፣ ከደጅ ግን ቅሚያ። ቁማር የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በፈረንሳዩ ሩሌት ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉ። በሁሉም ላይ አንድ አንድ ብር ያስያዘ ሰው 37 ብር አውጥቶ የሚመለስለት 36 ብር ነው። አንዷ ብር የቤቱ ናት፤ ጨዋታው በተደጋገመ ቁጥርም ቤቱ ድርሻውን አይረሳም።

ይሁን እንጂ እኔ በዚያች ሐረግ ውስጥ ጥቂት ምሕረት ይታየኛል። ቀማኛው ቤት ቢያንስ «በቃ» የሚልበት ቅጽበት አለው። ባለፉት ዓመታት በአገራችንም የተስፋፋው የእግር ኳስ ውርርድ ግን፣ በተለይ በስልክ ሲሆን፣ ይህችን ቅጽበት አጥቷል። ጨዋታው እየተካሄደ ይወራረዱበታል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል። ወጣቱ የወር ደመወዙን በመዳፉ ላይ ሲጨርስ ደወል የሚደውልለት፣ እጁን የሚመልስለት አጫዋች በአጠገቡ የለም።

መንግሥት ሕግ ያውጣ፣ ወላጅ ይምከር፤ ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁን የሚያውጅ ሌላ ሰው በሌለበት ገበታ፣ አዋጁን ማወጅ የተጫዋቹ የራሱ ፈንታ ነው። በአማርኛ «አለቀ፣ ደቀቀ!» ብንለው ያምርበታል።

ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። «ከእንግዲህ አይሄድም» ገንዘቡ ሳያልቅ ከተባለ የገበታው አዋጅ ነው፤ ካለቀ በኋላ ከተባለ ግን የኑሮው ለቅሶ ነው።