ቋንቋ በመልኩ አይዳኝም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባብያን አምድ ላይ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቅርቡ እዚህ ቡኢ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ከክፍል በኋላ ተከተለኝና፣ «መምህር፣ ክስታንኛ የተበላሸ አማርኛ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ማን እንዳለ ብጠይቀው፣ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ አንድ እንግዳ ሻይ ቤት ውስጥ የአባቱን ንግግር ሰምቶ እየሳቀ እንደ ተናገረው ነገረኝ። ልጁ ይህን ሲያወራኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

እንዲህ ያለው አነጋገር ከክፋት ይልቅ ካለማወቅ የሚመጣ መሆኑን ስለማምን፣ ለልጁ የሰጠሁትን መልስ ለአንባብያንም ላካፍል ወደድሁ። መልሴንም የጀመርሁት ከሩቅ አገር ነው።

ዓረብኛን ሁላችንም ቢያንስ በስሙ እናውቀዋለን። ዌልሽ ደግሞ በብሪታንያ ደሴት በስተ ምዕራብ በምትገኘው በዌልስ የሚነገር፣ ከእንግሊዝኛ የተለየ ጥንታዊ ቋንቋ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ሰው መደነቁ አይቀርም። እኛ «ልጁ ማሰሮውን ሰበረ» ስንል፣ ዌልሽና የመጻሕፍቱ ዓረብኛ ግሱን አስቀድመው «ሰበረ ልጁ ማሰሮውን» ይላሉ። ዓረቡ «በእርሱ ላይ» ለማለት «ዐለይሂ»፣ «በእርሷ ላይ» ለማለት «ዐለይሃ» ይላል፤ የዌልሱ ሰውም «አርኖ» እና «አርኒ» ይላል። ግእዝ የተማረ ሰው «ላዕሌሁ፣ ላዕሌሃ» የሚለውን ወዲያው ያስታውሳል። የንጉሥን ቤት ዓረቡ «በይት አል መሊክ»፣ የዌልሱ ሰው «ቲር ብረኒን» ይለዋል። ግእዝም «ቤተ ንጉሥ» እንዲል፣ ሦስቱም ቤቱን አስቀድመው ንጉሡን ያስከትላሉ።

እንግዲህ በመልክ ብቻ የሚፈርድ ዳኛ ቢኖር፣ ዌልሽን የግእዝ ወንድም፣ «የንጉሥ ቤት» የሚለውን አማርኛችንን ግን ባዕድ ባለው ነበር። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። ዓረብኛ «ደም፣ ዐይን፣ ኸምሳ፣ ሰብዓ» ሲል፣ እኛ «ደም፣ ዐይን፣ አምስት፣ ሰባት» እንላለን፤ ዝምድናው ከሥሩ ነው። ዌልሽ ግን ሁለትን «ዳይ»፣ ሦስትን «ትሪ» ስለሚል ዘመዱ «ዱዌ፣ ትሬ» የሚለው ጣልያንኛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ጆን ሞሪስ ጆንስ የተባለው የዌልስ ሊቅ፣ የዌልሽ የዓረፍተ ነገር ሥርዓት ከጥንታዊ ግብጽኛና ከበርበር ቋንቋዎች ጋር የሚመሳሰልበትን ምክንያት መርምሮ ጽፎ ነበር፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላበቃም። አማርኛም ግሱን ወደ መጨረሻ የወሰደው ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር በኖረው ጉርብትና ነው ብለው ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ስለዚህ መመሳሰል ሁሉ ዝምድና፣ መለያየትም ሁሉ ባዕድነት አይደለም።

አሁን ወደ ቡኢ ልመለስ። የሶዶ ጉራጌ ቋንቋ የሆነው ክስታንኛ የአማርኛ ዘመድ መሆኑ አያከራክርም። ዘመድ መሆን ግን የተበላሸ መሆን አይደለም። ሮበርት ሄትስሮን የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጥናት፣ ስልጥኛን ከአማርኛና ከሐረሪ ጋር በአንድ ቅርንጫፍ ሲያኖር፣ ክስታንኛን በሌላ ቅርንጫፍ አስቀምጦታል። አንድ ቃል ብቻ እንመልከት። ግእዝ «ክልኤቱ» የሚለውን አማርኛ «ሁለት»፣ ክስታንኛ «ክት» ይለዋል። አማርኛ «ከ»ን ወደ «ሀ» ለውጦ «ለ»ን ጠበቀ፤ ክስታንኛ «ከ»ን ጠብቆ «ለ»ን ጣለ። ታዲያ አበላሹ የትኛው ነው? ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ወርደው በየመንገዳቸው የሄዱ ናቸው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በዌልስ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዌልሽ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። እንጨቱ ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ ሲተላለፍ ይውልና በመጨረሻ በእጁ የተገኘበት ልጅ ይቀጣል። እኔም በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የተናገረ ልጅ እንዲሁ ያለ እንጨት ይይዝ ነበር። እንጨቱን የማስተላልፍበት ሰው ፍለጋ የጓደኞቼን አፍ ስጠባበቅ መዋሌን ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በዌልስ በ1911 በተደረገው ቆጠራ ከመቶው 43.5 ያህሉ ዌልሽ ይናገር ነበር፤ በ2021 ግን 17.8 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዌልሽ ከ1588 ጀምሮ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ያለው፣ በኋላም በ1993ና በ2011 ሕግ የወጣለት ቋንቋ ነው። ይህ ሁሉ ያለው ቋንቋ እንዲህ ከሆነ፣ መጻሕፍቱ ጥቂት የሆኑት ክስታንኛ ከቤት ከወጣ ወዴት ይገባል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ሕግ ሻይ ቤት ገብቶ ሳቅን አይከለክልም። እኔ አማርኛን እወዳለሁ፤ ይህንንም የጻፍሁት በእርሱ ነው። ልመናዬ አጭር ናት። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ባለጉዳይ በቋንቋው ሲናገር ብትሰሙ ለማረም አትቸኩሉ። ከሶዶ ወጥታችሁ በአዲስ አበባ የምትኖሩ ወላጆችም ልጆቻችሁን በማዕድ ዙሪያ እንኳ በክስታንኛ አነጋግሯቸው። አባቱ በተናገረው ቋንቋ አንገቱን የሚደፋ ልጅ፣ በሌላው ቋንቋ ቀና ብሎ ይናገራል ብዬ አላምንም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከቡኢ