በጋዜጣ የተለበደው መጽሐፍ



ባለፈው ሴሚስተር፣ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከዶርም ጓደኛዬ ትራስ ሥር በጋዜጣ የተለበደ መጽሐፍ አየሁ። የትምህርት መስሎኝ ላነሳው እጄን ስዘረጋ ቀድማኝ ያዘችው። ፊቷ ቀላ። የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። «ለጀመዓ እህቶች እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ። አልነገርኩባትም። ደግ ሆኜ ግን አይደለም። የእኔውም ልብ ወለድ ሎከሬ ውስጥ ከደብተሮች ጀርባ ተደብቆ ነበር።

አንድ ክፍል ውስጥ እንተኛለን፣ አብረን እንሰግዳለን፣ አብረን እናፈጥራለን፤ የምናነበውን ግን አንዳችን ከሌላችን እንደብቃለን። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚህ ነው። ስለ ደበቅነው መጽሐፍ ማንንም መጠየቅ አንችልም። ብቻችንን እንመርጠዋለን፣ ብቻችንን እናነበዋለን፣ ያሳደረብንንም ብቻችንን ተሸክመን እንዞራለን።

መጽሐፉ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። መገናኛ ስንደርስ እግረኛው መንገድ ላይ ሸራ ተዘርግቷል። ቦሌ ስንወርድ ደግሞ አዟሪው ከሆዱ እስከ አገጩ የደረሰ ቁልል ታቅፎ ከካፌ በረንዳ ወደ ካፌ በረንዳ ይዞራል። ቁልሉ ውስጥ ሁሉም ጎን ለጎን ነው፦ ሀብታም መሆኛ መንገድ የሚያስተምር፣ የሲድኒ ሼልደን ትርጉም፣ ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳና የሴት ፊት ያለበት የፍቅር ታሪክ፣ የኪስ ዱዓ መጽሐፍ። ሻጩ አይመርጥልንም፤ ሥራውም አይደለም። ስልካችን ውስጥ ያለው ቴሌግራም ደግሞ ከሸራው ይበልጥ ሰፊ ነው። እዚያ ታሪኩ «ክፍል 23» ላይ ልብ ሰቅሎ ይቆማል፤ ቀጣዩ እንዲለቀቅ ላይክ አድርጉ ይለናል።

ለዚህ ሁሉ በጀመዓችን ውስጥ የምሰማቸው መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ልብ ወለድ ውሸት ነው፤ የፍቅር ልብ ወለድ ደግሞ ውሸትም ፊትናም ነው፤ ተዉት» ይላል። ሁለተኛው «ታሪክ ብቻ ነው፤ ምን ያደርጋል?» ይላል። የመጀመሪያውን የሚሉት ወንድሞችና እህቶች ለእኛ ተጨንቀው እንደሆነ አውቃለሁ። ራሱን የሚያውቅ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያነብ ልቡ የሚታወክበት ሰው ቢተወው በእርግጥ ይሻለዋል። ለሁላችንም የተሰጠ መልስ ሲሆን ግን ውጤቱን አይተነዋል፦ መጽሐፉ አልቀረም፣ በጋዜጣ ተለበደ እንጂ። ሁለተኛው መልስም አያስኬድም። ታሪክ ልብን የማይነካ ቢሆን ኖሮ ቁርኣን በነብያት ታሪክ ባላስተማረን ነበር።

እኔ ፈትዋ የመስጠት ዕውቀቱ የለኝም፤ ብይኑን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ። እንደ አንባቢ ግን አንድ ነገር እላለሁ። «ፍቅር አለበት ወይስ የለበትም?» የሚለው መመዘኛ አይበቃንም። የተሻለ መመዘኛ በገዛ ቤታችን አለን።

ሱረቱ ዩሱፍን እናስብ። 111 አያዎች ያሉት ይህ ሱራ ከሞላ ጎደል አንድ ወጥ ታሪክ ነው፤ አላህም ራሱ ከታሪኮች ያማረ መሆኑን ነግሮናል። የወንድማማች ቅናት አለበት፣ ጉድጓድ አለበት፣ ባርነት አለበት፣ ከኋላ የተቀደደ ቀሚስ አለበት፣ እስር ቤት አለበት። የባለሥልጣኑ ሚስት ምኞትም አለበት፤ አልተድበሰበሰም። በሮቹ እንደተዘጉ ተነግሮናል፤ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወደ በሩ እንደሮጡም ተነግሮናል። ትረካው ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አቁሞ በምኞት እንድንቃጠል አያደርገንም። የሚያስፈልገንን አሳይቶን ያልፋል። አንብበን ስንጨርስ ከእኛ ጋር የሚቀረው የዩሱፍ ጽናትና በመጨረሻ እውነቱን የተናገረችው ሴት ነው። ስለ ምኞት መናገርና ምኞትን መቀስቀስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሊቃውንቶቻችንም ስለ ፍቅር መጻፍን አላፈሩበትም። የአንደሉሱ ኢብኑ ሐዝም ስለ አፍቃሪዎች ጠባይ «ጠውቁል ሐማማ» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። የደማስቆው ኢብኑል ቀይምም «ረውደቱል ሙሒቢን»ን ጽፈዋል። ሁለቱም የሸሪዓ ሊቃውንት ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበው የበሪራና የሙጊስ ታሪክ ነው። በሪራ ከባርነት ነጻ ስትወጣ፣ ገና ባሪያ ከነበረው ባሏ ጋር መኖር ወይም መለየት ምርጫዋ ሆነ። መለየትን መረጠች። ሙጊስ በመዲና መንገዶች ላይ ከኋላዋ እየተከተለ ያለቅስ ነበር፤ እንባው ጢሙን አርሶታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዝነውለት ብትመለስለት ምን ነበር ብለው ጠየቋት። እሷ ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። ትእዛዝ ሳይሆን ምልጃ ብቻ መሆኑን ሲነግሯት፣ እንደማትፈልገው ተናገረች። ነገሩ በዚያው አበቃ። ማንም አላስገደዳት፣ ማንም አልወቀሳት። የሙጊስ ፍቅርም አልተሾፈበትም። ያፈቀረ ሰው እንባው ተከብሮለት፣ የማትፈልገውም ሴት እምቢታዋ ተከብሮላታል።

አሁን ይህን ይዘን ወደ መገናኛው ሸራ እንመለስ። ካነበብኳቸው የፍቅር ልብ ወለዶች ብዙዎቹ አንድ መንገድ ይከተላሉ። ልጅቷ «አልፈልግህም» ትላለች። እሱ መንገድ ላይ ይጠብቃታል፣ ስልክ ቁጥሯን ከጓደኛዋ ይወስዳል፣ ደጇ ላይ ያመሻል። መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል እሺ ትላለች፤ ደራሲውም ጽናቱን ያሞግስለታል። ይህንን አሥር ጊዜ ያነበበ ወንድም የአንዲት እህትን «አይሆንም» እንዴት አድርጎ ይሰማዋል? ይህንን አሥር ጊዜ ያነበበች እህትስ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ታክሲ እየቀያየረ የተከተላትን ሰው ምን ብላ ትጠራዋለች? እንዲህ ያለው መጽሐፍ አንድም የአልጋ ትዕይንት ላይኖረው ይችላል። «ንጹሕ ነው» ብለን ለታናሽ እህታችን ልንሰጠውም እንችላለን። እኔ ግን ከብዙዎቹ ይልቅ እሱን እፈራዋለሁ።

እዚህ ላይ በእኛው ቻናሎች ስለሚለቀቁት «ኢስላማዊ የፍቅር ታሪኮች» ሳልናገር አላልፍም። ልጅቷ ኒቃብ ለብሳለች፣ ልጁ ጢም አለው፣ በየመስመሩ «ሱብሐነላህ» አለ። ታሪኩ ግን ያው ነው፦ ያው ማሳደድ፣ ያው በስውር መልእክት መላላክ፣ ያው ልብ መስቀል፤ ብቻ መጨረሻው ላይ ኒካሕ ተጨምሯል። በር ላይ የተለጠፈ የሐላል ምልክት ሥጋውን ሐላል አያደርገውም። ገጸ ባሕርይዋን ሒጃብ ማልበስም ታሪኩን ኢስላማዊ አያደርገውም።

በተቃራኒው፣ «የእኛ አይደለም» ብለን የምናልፈው መጽሐፍ ስለ እኛ ቤት ሊናገር ይችላል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ አገር ያዳመጠው ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የጎጃም ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሕይወት ሞልቶበታል። «ለሙስሊም ተማሪ ምን ያደርግለታል?» ያለኝ ወንድም ነበር። መልሴ ይህ ነው፦ ሰብለወንጌልና በዛብህን የለያያቸው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችንን ዲኑም ጠባዩም የተመሰከረለት ልጅ ለኒካሕ ጠየቃት። ቤተሰቧ በመጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሶላቱ አልነበረም፤ ብሔሩን ነበር። ነገሩ በዚያው ቀረ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዲኑንና ጠባዩን የወደዳችሁለት ሰው ሲመጣ ዳሩለት ብለው ሳለ፣ ፊታውራሪ መሸሻ የእኛም ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ይህን ከልብ ወለድ ያየ ሰው ነገ አባት ሲሆን ሁለት ጊዜ ያስብ ይሆናል።

የተወደደ መጽሐፍም ቢሆን ዓይን ገልጦ ይነበባል። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተርጉሞታል፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟል። አንድ ሰው እስር ቤት ውስጥ ለንባብ የከፈለውን ዋጋ ሳስብ፣ ላይብረሪ አጠገቤ እያለ በመስነፌ አፍራለሁ። ግን ያው መጽሐፍ ስለ አሜሪካ ደቡብ ሲያወራ፣ ባሪያዎቹ በጌቶቻቸው ቤት ደስተኛ የሆኑ ያስመስላል። የቢላልን (ረ.ዐ.) ታሪክ እየሰማን ያደግን እኛ ይህ ሊያመልጠን አይገባም። መጽሐፉን መውደድም፣ እዚያ ገጽ ላይ «ይሄ ልክ አይደለም» ማለትም ይቻላል። እንዲህ ማንበብን ግን ብቻችንን፣ ትራስ ሥር ደብቀን አንማረውም።

አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ሲገጥመኝ አሁን ራሴን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ስለ ምኞት ይነግረኛል ወይስ ምኞት ይቀሰቅስብኛል? የአንዲት ሴት «እምቢ» እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምን ዋጋ አለው? ሦስተኛው፦ ከሶላቴ፣ ከቁርኣኔና ከትምህርቴ ምን ወሰደብኝ? ይህን የመጨረሻውን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። አንድ ረመዳን ላይ አንድ የቴሌግራም ታሪክ ይዞኝ እስከ ሱሑር አነጋሁ፤ ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ ፈጅር አለፈኝ። ታሪኩ ነውር አልነበረበትም። ግን ከታሪኩ ዛሬ የማስታውሰው አንድ ስም እንኳ የለም፤ ያለፈኝን ፈጅር ግን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ለጀመዓችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ተፍሲር፣ ሲራና ፊቅህ ካለበት መደርደሪያችን አንዱን ረድፍ ለልብ ወለድ እንስጠው። ሁለት ሰው ያላነበበው መጽሐፍ አይገባበት፤ ያነበቡትም በአንድ ገጽ ወረቀት ምን እንዳገኙበትና የቱ ቦታ ላይ እንዳልተስማሙ ጽፈው ሽፋኑ ውስጥ ያስቀምጡ። በወር አንድ ጊዜም እህቶች ለብቻ፣ ወንድሞች ለብቻ ተቀምጠን እንወያይበት። አንዳንዱ መጽሐፍ «አይግባ» ይባላል፤ ይባል። ያኔ ቢያንስ አንብቦና አስቦ የከለከለ ሰው ይኖረናል።

ሁለተኛው ብዕር ላላችሁ ነው። እኔ ባነበብኳቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ሙስሊም ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ያገኘኋት ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በዒድ ቀን ምግብ የምትልክ ጎረቤት ሆና ታልፋለች። ከሰሚት ኮንዶሚኒየም በጠዋት ወርዳ፣ በሸገር አውቶቡስ ተጋፍታ ክላስ የምትገባው፣ አባቷ እሺ ይበሉላት ይሆን እያለች ዱዓ የምታደርገው ልጅ ታሪክ ገና አልተጻፈም። እኛ ካልጻፍነው ቴሌግራም ይጽፈዋል፤ ክፍል 23 ላይም ያቆመዋል።

ጓደኛዬ መጽሐፏን ጨርሳ ሰጥታኝ አነበብኩት። ልጁ ልጅቷን የሚያሳድድበት ገጽ ላይ ተከራከርን፤ እሷ «እወዳታለሁ ስላለ ነው» አለች፣ እኔ የበሪራን ታሪክ ነገርኳት። እስካሁን አልተስማማንም። ጋዜጣው ግን ከመጽሐፉ ላይ ተነስቷል።

አላህ ከምናነበው ጠቃሚውን ያስቀርልን፣ ከጎጂው ይጠብቀን። አሚን።