ካዝናው ወጥቷል፤ ስምንተኛው ጥይትስ?



ባለፈው ሰሞን ለዚህ የቤተሰብ አምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ደጋግሜ ሳነበው ሰነበትሁ። ጸሐፊዋ የአንድ ባልደረባችን ባለቤት ሲሆኑ ስማቸው እንዳይገለጥ ጠይቀዋል። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። «ባለቤቴ ከጥበቃ ሲመለስ ሽጉጡን ከወገቡ ይፈታል፤ ካዝናውን አውጥቶ በኪሱ ይከታል፤ ሽጉጡን ግን ከትራሱ ሥር ያኖረዋል። ልጆች አሉን፤ እፈራለሁ ስለው፣ ካዝናው ወጥቷል፣ ባዶ ብረት ነው፣ ምን ያስፈራሻል ይለኛል። ልመነው ወይስ አልመነው?»

መልሱን በአንድ ቃል መስጠት ይቻል ነበር። ነገር ግን በባልና በሚስት ክርክር መካከል ገብቶ አንድ ቃል ጥሎ መውጣት ለማንም አይበጅም። ደግሞም በዚያው ሳምንት ከተኩስ ሜዳችን አንድ አሮጌ ባለ ትልቅ ካሊበር ሽጉጥ ሊፈተሽ ታዝዞ ስለ ነበር፣ ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ በማለዳ ወደዚያው ወረድሁ።

ሽጉጡ አሜሪካ ሠራሽ ኮልት 45 ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ሻምበል ለግምጃ ቤት ያስረከቡት ሲሆን፣ በመዝገብ ከመግባቱ በፊት መሥራት አለመሥራቱ እንዲረጋገጥ ተፈለገ። አብሮት የመጣው ጥይት 49 ፍሬ፣ ማለትም ሰባት ሙሉ ካዝና ነበር። ባዶውን ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። የአፈሙዙ ስፋት 11.43 ሚሊሜትር ነው፤ ወጣቶቹ ወታደሮቻችን በተራ እየተቀባበሉ አፈሙዙን ሲመለከቱ አንዱ «የጣት ቀለበት ማስገቢያ ነው» ሲል ሰማሁት።

እንዲህ ያለ ትልቅ ጥይት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ታሪኩ ከፊሊፒንስ ደሴቶች ይጀምራል። አሜሪካኖች በዚያ ሲዋጉ የያዙት ባለ 38 ካሊበር ሪቮልቨር እየሮጠ የሚመጣባቸውን ሰው ሊያቆምላቸው አልቻለም። በ1904 እ.ኤ.አ. ቶምሰንና ላጋርድ የተባሉ ሁለት መኮንኖች ምርመራ አካሂደው፣ የጦር ሠራዊቱ ሽጉጥ ከ45 ካሊበር እንዳያንስ አሳሰቡ። ከዚያ በኋላ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ኮልት ከሌላ ፋብሪካ ሽጉጥ ጋር ተወዳደረ። በመጋቢት 1911 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። መቶ በተተኮሰ ቁጥር ጥቂት እንዲበርድ ይተዉታል፤ ሺህ ሲሞላ ጠርገው ዘይት ይቀቡታል። ኮልቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነክስ ስድስቱን ሺህ ጨረሰ ተብሎ ተመዘገበ፤ በዚያው ወር ተቀባይነት አግኝቶ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ ሠራዊት ዋና ሽጉጥ ሆኖ ቆየ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው የአሜሪካን መሣሪያ ስለ ነበር፣ በእኛም አገር በቀድሞ መኮንኖች ዘንድ ኮልት እንግዳ ስም አይደለም።

እኛ ስድስት ሺህ ጥይት አልነበረንም። የተኩስ ሜዳው ኃላፊ፣ ፈገግታ የማያውቁት ሃምሳ አለቃ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካዝናዎች ራሳቸው ከ10 ሜትር ተኮሱ። አሥራ አራቱም ከኢላማው ላይ አረፉ፤ አብዛኞቹን በአንድ መዳፍ መሸፈን ይቻል ነበር። ከ25 ሜትር ሲሆን ግን ነገሩ ተለወጠ። ድምፁ ከባድ ነው፤ ሆኖም ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል እንደ ፈራሁት እጅን የሚቀጭ ሳይሆን፣ በትከሻው ገፍቶ እንደሚያልፍ በሬ ያለ ነው። እርሳሱ 15 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱ ግን በሴኮንድ 250 ሜትር ግድም፣ ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። የማካሮቭ እርሳስ ስድስት ግራም ገደማ ሆኖ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ይበርራል። ስለዚህ ኮልቱ ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ቀርፋፋነቱን ማንም እንዳይንቀው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከወጣቶቹ አንዱ የእጁን አንጓ አላልቶ ቢተኩስ ቀለሁ ከመውጫው ላይ ተነክሶ ቀረ። «ብረቱ ወደ ኋላ የሚሄደው እጅህ ጠንክሮ ሲቆምለት ነው፤ አንተ አብረኸው ከሄድህ በምን ይደገፋል?» አሉት ሃምሳ አለቃው።

ቀጥሎ የአቧራ ፈተና ሆነ። ከገዳሪፍ ሜዳ ተነሥቶ፣ ገላባትን አልፎ ወደ መተማ የሚደርሰውን ነፋስ የቀመሰ ሁሉ የዚህን ጥቁር አፈር ጠባይ ያውቃል። በክረምት ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ፣ በበጋ የተሰነጠቀ ዋልካ፣ ከዚያም እንደ ዱቄት የላመ ትቢያ ይሆናል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሠራዊት ሁሉ ይህን ትቢያ ውጦታል። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚሁ መተማ ላይ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ብርጋዴር ስሊም የሚያዝዘው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን ከኢጣልያኖች እጅ ሊያስለቅቅ ሲያጠቃ፣ የእንግሊዝ መኮንኖች መደበኛ ሽጉጥ ገና ሪቮልቨር ነበር፤ ሪቮልቨርን የሚወዱ ሰዎችም ራሱን የሚያጎርስ ሽጉጥ አሸዋ አይችልም ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ ወጣቱ ቸርችል በ1898 እ.ኤ.አ. በኦምዱርማን ጦርነት፣ ትከሻው ቀድሞ ወልቆ ስለ ነበር ጎራዴውን ትቶ፣ አሥር ጥይት በሚጎርስ ማውዘር ሽጉጥ ተዋግቶ ወጥቷል። በሱዳን አቧራ ከታዩት የዚህ ዓይነት ሽጉጦች ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

የእኛው ኮልት በዘይት ርሶ ትቢያ ሲነሰነስበት፣ በሦስተኛው ጥይት ላይ የላይኛው ብረት ጥቂት ሲቀረው ሳይዘጋ ቆመ። ዘይቱና አፈሩ ተላቁጠው ሊጥ ሆነዋል። ሃምሳ አለቃው ፈትተው በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት፤ በጣት ጫፍ ብቻ ቀብተው እንደገና ትቢያ ቢነሰንሱበት ካዝናውን ያለ እንከን ጨረሰ። በዚህ ጠረፍ ለምታገለግሉ ሁሉ፣ ዘይት መቆጠብ ስስት አይደለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። የመጨረሻው ካዝና ሲቀር ወረቀቱን አውጥቼ ለሃምሳ አለቃው አነበብሁላቸው። ምንም አልመለሱም። ሽጉጡን አቀባበሉ፤ ካዝናውን አወጡና አጠገባቸው ለቆመው ምልምል ወታደር ሰጥተው «ኪስህ ክተተው» አሉት። ከተተው። «ካዝናው የት ነው?» «ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሃምሳ አለቃ!» «እንግዲያው ይህ ባዶ ብረት ነዋ?» ልጁ ዝም አለ። እርሳቸው ወደ ኢላማው ዞረው ቃታውን ሳቡ። ጥይቱ ጮኸ፤ ካዝናውን የያዘው ምልምል ኪሱን በእጁ ዳሰሰ።

ምክንያቱን ለወይዘሮዎቻችንም ግልጥ እንዲሆን እንዲህ ላስረዳ። ካዝናው ሌማት ነው፤ የሽጉጡ ጉረሮ ደግሞ አፍ። ሽጉጡ ሲቀባበል አንድ ጥይት ከሌማቱ ተነሥቶ ወደ አፍ ይገባል። ሌማቱን ብታነሡት በአፍ ያለው ጉርሻ አብሮ አይነሣም። ኮልት ሰባት ጥይት በካዝና ይይዛል፤ አፉ ጎርሶ ሳለ ካዝናው እንደገና ሲሞላ ስምንት ይሆናል፤ ስምንተኛው ካዝናውን ለሚቆጥር ሰው አይታይም። ማካሮቭም ቶካሬቭም በዚህ ረገድ እንደ ኮልት ናቸው። ብራውኒንግ 9 ሚሊሜትር ካዝናው ከወጣ እንዳይተኩስ ተደርጎ ተሠርቷል፤ የአንዱን ጠባይ ከሌላው ጠብቆ የሚኖር ሰው ግን ራሱን ያታልላል።

ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰው ሰምቼ ብቻ ባይሆን ደስ ባለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ ጦር ሰፈር ሳለሁ፣ ከሌሊት ጥበቃ ደክሞኝ ገባሁ። ሽጉጤን ባዶ ላደርግ የላይኛውን ብረት ሳብሁት፤ አንድ ጥይት ወጥቶ ከምንጣፉ ላይ ወደቀ። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ካዝናውን አወጣሁ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ! ብረቱን ስለቀው ከካዝናው ሁለተኛ ጥይት እንደ ጎረሰ አላሰብሁም። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቃታውን ሳብሁ። ያ እንደ በሬ የሚገፋው ቀርፋፋ እርሳስ የጭቃውን ግድግዳ እንደ ወረቀት በስቶ፣ ማድ ቤት ገብቶ እንስራውን ሰበረ። ባለቤቴ ከዚያ እንስራ ውሃ ቀድታ ጀበናዋን ልትጥድ ወደ ምድጃው ገና ሁለት እርምጃ መራመዷ ነበር።

አልጮኸችም። እግሯ በውሃ ርሶ በር ላይ መጥታ ቆመች፤ እኔን ሳይሆን በእጄ ያለውን ካዝና አየች። «ይኸው እኮ አውጥተኸዋል» አለች።

ስለዚህ፣ እኅቴ፣ ባለቤትዎ አይዋሹዎትም፤ የሚያምኑትን ነው የሚነግሩዎት። እርስዎ ግን ሽጉጡን አይንኩት፣ ባዶ መሆኑንም ራስዎ ለማየት አይሞክሩ። ከመግባታቸው በፊት በደጅ፣ ሰው በሌለበት፣ አፈሙዙን አሸዋ ወደ ሞላበት በርሜል አዙረው አስቀድመው ካዝናውን ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ብረቱን ስበው ጉረሮውን በዓይናቸው ይዩ፣ በጣታቸውም ይዳስሱ፤ ሌሊት ከሆነ ዳሰሳው አይቀርም። ከዚያም ሽጉጡ በአንድ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከአባት አንገት አይውረድ። ትራስ ሥር የሚለውን ይተዉት፤ ልጅ ትራስ ይወዳል።

በእኛ ቤት ያ ቀዳዳ በጭቃ ከተመረገ ዘመን ሆነው። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ሽጉጥ ታጥቄ በገባሁ ቁጥር ካዝናውን አትጠይቀኝም። ከበሩ ላይ ቆማ «ጉረሮውን ዳስሰኸዋል?» ነው የምትለኝ፤ ዳስሻለሁ እስክላት ድረስ ጀበናው አይጣድም።