በአንድ ቃል የሚጠራ ምልክት

ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ስልክ ሲጠቀሙ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ስም አይፈልጉም፤ መልክ ነው የሚፈልጉት። «አረንጓዴዋን ንኪልኝ» ካሉ ዋትስአፕ ነው። «ሰማያዊዋ፣ የወረቀት አውሮፕላን ያለባት» ካሉ ደግሞ ቴሌግራም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘቡም ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሥዕል ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለችም፤ የቤታችንም ጉዳይ ናት።

እናቴ ሀዋሳ ነው የምትኖረው። ዕድሜዋ ከ70 አልፏል፤ ትምህርት ቤት ባትገባም ቁጥር ጠንቅቃ ታውቃለች። የአንድ ባንክ መተግበሪያ ተጭኖላት ዕቁቧንም ዕድሯንም ራሷ ትከፍል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መተግበሪያው ራሱን በራሱ አደሰና ቀለሙም ሥዕሉም ተለወጠ። እሷ የጠፋባት መሰላት። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ዕድሩ ደግሞ የሚከፈለው የዚያኑ ቀን ነበር። ሰፈር ሱቅ ሄዳ ስልኩን ለልጁ ሰጠችው፤ የሚስጥር ቁጥሯንም ነገረችው። ልጁ ጨዋ ነውና አንድም ሳንቲም አልጎደለባትም፤ ቁጥሩንም ማታውኑ ቀየርንላት። ግን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስልኩን በራሷ አትነካም ነበር። ለባንኩ የተለወጠው ሥዕል ብቻ ነው። እሷ ግን ያጣችው ገንዘቧን ማንም ሳያያት የማዘዝ ነጻነቷን ነው።

ታዲያ ጥሩ ትንሽ ምልክት ምን ዓይነት ነው? ይህን በደንብ ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ሥራ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ድፎ ዳቦ በኮባ እየጋገረች ትሸጣለች። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው የበዓል ዳቦ የሚያዙበት ድረ ገጽ ለመክፈት ስትነሳ መጀመሪያ ያሠራችው አርማ ትልቅ ክብ ነበር። በውስጡ ሐይቁ፣ የታቦር ተራራ፣ ዓሣ፣ መሶብና የቤቱ ሙሉ ስም ታጭቀውበታል። ባነር ላይ ሲታይ ያምራል።

ነገር ግን ድረ ገጽ ሲከፈት ከላይ፣ ከስሙ ጎን የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 የተጀመረች ናት። የተለመደው መጠኗ በአግድም 16፣ በቁመት 16 ነጥብ ነው፤ በድምሩ 256 ነጥብ። የዛሬ ስክሪኖች ጥራት ይጨምሩላት እንጂ ለዓይን ያው የምስር ፍሬ ታክላለች። ሰው ብዙ ገጽ ሲከፍት ስሙ እየተቆረጠ ይሄድና ምልክቷ ብቻዋን ትቀራለች። ሥራ ቦታው ሃያ ገጽ ከፍቶ የተቀመጠ ልጅ የእናቱን ዳቦ የሚፈልገው በዚያች ምስር ነው።

የእህቴ ልጅ አርማውን አሳንሳ ለእናቴ አሳየቻት። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ መልሳ አራቀችው። «ዝንብ ተጨፍልቆበታል እንዴ?» አለች።

እንዲህ ያለው ነገር ትልልቆቹንም ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የአፕል ኩባንያ የመጀመሪያ አርማ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ኒውተንን ከነጥቅስ ጽሑፉ የያዘ ሥዕል ነበር። በዓመቱ ተነሣና በአንድ የተገመጠ ፖም ተተካ። ግማጩም ለጌጥ አይደለም፤ ፖሙ ሲያንስ ቼሪ እንዳይመስል ነው።

እኛም ቀጣዩን ማሰብ ጀመርን። ዓሣ ይሁን? ሀዋሳን ለሚያውቅ ሰው ዓሣ ስለ ከተማው ይነግረዋል፤ ስለ ዳቦው ግን ምንም አይልም። ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ስንት ታፔላ ላይ ዓሣ አለ! ከጎረቤት የማይለይ ምልክት እንደሌለ ይቆጠራል።

ፊደል ይሁን? ጉግል በአንዲት ፊደል ይታወቃል፤ ፌስቡክም እንዲሁ። የእኛ ፊደል ግን ሲያንስ ጠንቀቅ ይፈልጋል። «ሀ»፣ «ተ» እና «በ» ጥቂት መስመር ስለሆኑ አነስ ቢሉም ይለያሉ። «ጨ» ግን ቀለበቶቿ ተያይዘው ጥላሸት ይመስላሉ። የ«ደ» እና የ«ድ» ልዩነትም ትንሽ ጭረት ብቻ ናት፤ በ16 ነጥብ ውስጥ ብትጠፋ የሚያስተውላት የለም። በዚያ ላይ በከተማችን አንዱ ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ያነባል፣ ሌላው አማርኛ በግዕዝ ፊደል ያነባል፣ እንደ እናቴ ሁለቱንም የማያነብም አለ። ሥዕል ግን ሁሉንም እኩል ያናግራል።

የሜክሲኮ ከተማ ሰዎች ይህን ቀድመው ያዩት ይመስለኛል። የምድር ባቡራቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምር ላንስ ዋይማን የተባለ የዲዛይን ባለሙያ ለየጣቢያው ሥዕል አወጣለት፤ ከተሳፋሪው መካከል ማንበብ የማይችል ብዙ ሰው ነበርና። ቻፑልቴፔክ የተባለው ጣቢያ ምልክቱ ፌንጣ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተለወጠም። በእኛም አገር የምርጫ ወረቀት ላይ ለየተወዳዳሪው ሥዕል የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ኢሕአዴግን በሙሉ ስሙ መጥራት የሚቸግረው ገበሬ «ንብ» ይል ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ማንም አይስተውም።

በመጨረሻ መልሱ ከምጣዱ ላይ ተገኘ፤ ኮባው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ቅጠሉን ከነሥሩ፣ ከነስንጥቁ ሣለችው። ከዚያ አንድ በአንድ አጠፋችው። ሰፊ አረንጓዴ ቅጠልና መሐሉ ላይ ያለው ቀይ አጥንት ብቻ ቀረ። አሳንሳ ለእናቴ ሰጠቻት።

«ኮባ ነዋ!» አለች እናቴ፣ ቶሎ።

ልጆቻችሁ ሱቅ፣ እንግዳ ማረፊያ ወይም የቡና ንግድ ከፍተው ምልክት ሲያሠሩ የሚጠቅማቸው ይህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይሣሉ። ቀለሙ በነጭ ስክሪንም፣ ብዙዎቻችን ማታ በምንጠቀመው ጥቁር ስክሪንም ላይ ጎልቶ ይታይ። ከሌላው ይለይ፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለተመሳሳይ ዕቃ ከተመዘገበ የሌላ ሰው ምልክት ጋር የሚያሳስት ምልክት አይመዘገብም። ስለዚህ ገንዘብ አውጥተው ሳያሳትሙ በፊት የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁ። ደንበኛ ከለመደው በኋላ ደግሞ ያለ ብርቱ ምክንያት አይለውጡት። መለወጥ ግድ ከሆነም ቀለሙን ወይም ቅርጹን፣ ከሁለቱ አንዱን ይተዉለት።

ለእኛ ለቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ምልክት መታወቂያ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ አጭበርባሪ ሥዕሉን ቀድቶ የሐሰት ገጽ መሥራት አያቅተውም። ስለዚህ ወላጆቻችን የገንዘቡን መተግበሪያ ሁልጊዜ ከለመዱት ቦታ ላይ እንጂ በመልእክት በተላከላቸው ሊንክ እንዳይከፍቱ እንንገራቸው። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቃቸውን ሰው፣ ከባንክ ነኝ ቢልም፣ እንዳይመልሱለት እናስለምዳቸው።

በዚህ ሳምንት ቡና ሲፈላ ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጎን ቁጭ በሉና ስልካቸው ላይ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያልለዩትን እነሱ ባወጡለት ስም ጥሩላቸው። የገንዘቡን ብቻውን ከታች፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አስቀምጡላቸው። መልኩ የተለወጠ ዕለት ደግሞ የዕድር ቀን ሳይደርስ ቀድማችሁ አሳዩአቸው።