ከመመዝገብ መጠየቅ ይቅደም

የተወደዳችሁ እናቶችና አባቶች፣ በአሜሪካ የምትኖሩ ሁሉ ልጅ ለማስመዝገብ ስትነሡ «ቻርተር ስኩል ይሻላል» የሚል ምክር ሳትሰሙ አትቀሩም። ነገር ግን በአንዱ ክፍለ ግዛት የሚሠራው በሌላው ላይሠራ ይችላል፤ ቻርተር ትምህርት ቤት የሚከፈተውም የሚዘጋውም በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነውና።

ቻርተር ትምህርት ቤት የግል ትምህርት ቤት አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር፣ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በራሱ ቦርድ የሚመራ ነው። ቻርተር የሚባለው ከፈቃድ ሰጪው ጋር የሚገባው ውል ነው። በውሉ መሠረት ሰፋ ያለ ነጻነት ያገኛል፤ በምላሹ ስለ ተማሪዎቹ ውጤት ይጠየቃል። ቃሉን ካልጠበቀ ውሉ ላይታደስ፣ ትምህርት ቤቱም ሊዘጋ ይችላል። የመጀመሪያውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው ሚኒሶታ ናት።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን አካባቢ እንይ። ዲሲ ክፍለ ግዛት ስላልሆነች ሕጉን ያወጣላት ኮንግረስ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ለዚሁ የተቋቋመ ቦርድ ሲሆን፣ ቻርተሩ ለ15 ዓመት ይቆያል፤ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይመረመራል። ወንዙን ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ ግን ፈቃዱ ያለው በየአካባቢው የትምህርት ቦርድ እጅ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሜሪላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ መሠረት መምህራኑ የዚያው አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ሥርዓት ተቀጣሪዎች ናቸው።

ለእኛ ለአማኞች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በኦክላሆማ አንድ የካቶሊክ ቻርተር ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቃድ አግኝቶ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ፈቃዱን ሻረው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም በ2025 አራት ለአራት ስለተከፈሉ ያው ውሳኔ ጸና። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ልጆቻችንን በቃሉ የማሳደግ አደራ ከቤታችን አይወጣም። ዘዳግም 6 ይህን አደራ የሰጠው ለወላጆች ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ከመመዝገብ መጠየቅ ይቅደም። ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? ቻርተሩ የሚያበቃው መቼ ነው? አመልካች ሲበዛ ዕጣው እንዴት ይወጣል? እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ወይም ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ምን ተዘጋጅቷል? በቋንቋ ምክንያት አትፈሩ፤ ትምህርት ቤቱ የሕዝብ ነውና መልስ ማግኘት መብታችሁ ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።