ቁመናዋ የጂፕ፣ አንጀቷ የቤት መኪና

በአገራችን መምሰል ከመሆን ከበለጠ ሰነበተ። መኪናውም አልቀረለትም። ጅማ ሂርማታ ቆም ብላችሁ መንገዱን ብታዩ ቁመቷ ከፍ፣ ጎማዋ ደንደን ያለ፣ ጂፕ የምትመስል መኪና ሽር ስትል ታያላችሁ። ነጋዴዎቹ «ክሮስኦቨር» ይሏታል። ከፍተው ሲያዩዋት ግን የቤት መኪና ነች።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እውነተኛው የገጠር መኪና፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘር፣ አካሉ የተጫነው በወፍራም ሻንሲ ላይ ነው። አራቱም ጎማው ይጎትታል፤ ለጭቃና ለዳገት ጉልበት የሚሰጥ ተጨማሪ ማርሽም አለው። ክሮስኦቨር ግን ፈር ከቀደዱት አንዷ ከሆነችው ከ1994ቷ (እ.ኤ.አ.) ራቭ 4 ጀምሮ በቤት መኪና አሠራር ከፍ ተደርጋ የተሠራች ናት። ለብቻው ሻንሲ የላትም፤ ብዙዎቹም የሚጎትቱት በሁለት ጎማ ብቻ ነው።

እሺ፣ ለአስፋልት ናት እንበል። ከአዲስ አበባ ጅማ ላለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ድሮዋ ፔጆ 504 ያለች ስቴሽን ዋገን ምን ይጎድላታል? ዕቃ እኩል ትጭናለች፤ ዝቅና ቀለል ስለምትል ነዳጅ ትቆጥባለች፤ መታጠፊያ ላይም አትንገዳገድም። ሰው ለመጫን ነው ከተባለ ደግሞ ክሮስኦቨሯ በ5 ሰው ሞላች ስትባል ዶልፊኑ ከ10 በላይ ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ በጭቃው በላንድክሩዘር፣ በአስፋልቱ በስቴሽን፣ በሰው ብዛት በሚኒባስ ተበለጠች። ከሁለት ያጣ ይሏል ይህ ነው። ምን ቀራት? መታየት!

«ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ቢገዛ አንተ ምን አገባህ?» የሚል ይኖራል። ምንዛሪው ከየት እንደሚመጣ ባላውቅ ኖሮ አያገባኝም ነበር። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ያ ቡና ከሚለቀምባቸው ቦታዎች ማና፣ ጌራና ሊሙ ይገኙበታል። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ለመሆኑ ከአስፋልቱ ወጥቶ ገበሬው ደጃፍ የሚደርሰው ማን ነው? አይሱዙ፣ ያረጀ ላንድክሩዘር፣ በቅሎና የሰው ጫንቃ። ምጥ የያዛት እናትስ በምን ትውጣ?

መንግሥትስ ምን አደረገ? በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ለነዳጅ የሚፈሰውን ዶላር መቆጠብ ተገቢ ነው፤ ይህን አንክድም። ግን በቦታው የገቡትን እነ አይዲ 4ን እዩ፤ ዞሮ ዞሮ ክሮስኦቨር! 2,000 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ፣ ውዱ ባትሪያቸው ከሆዳቸው ሥር የተነጠፈ ናቸው። በክረምት የገጠሩን ድንጋይና ቦይ በዚያ ሆድ የሚዳፈር ማን ነው? መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት ቀበሌስ ቻርጁ ከየት ይመጣል?

ባለሥልጣኑማ ምን ቸገረው! እውነተኛውን ላንድክሩዘር ቪ ኤይት በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ለዓመታት ሲንፈላሰስበት ኖሯል። ጭቃ የማያውቅ ጂፕ ለሹሙ፣ ጂፕ ያልሆነ ጂፕ ለሀብታሙ፣ ጭቃው ለገበሬው!

የምንለው ግልጽ ነው። ቀረጡም ክልከላውም በመኪናው ሥራ እንጂ በመልኩ አይመዘን። ለቡና ወረዳዎች አምቡላንስ፣ ፒካፕና የሕዝብ ሚኒባስ ቅድሚያ ይሰጥ። ሚኒባሱ የኤሌክትሪክ ይሁን ከተባለም ይሁን፤ ቻርጅ ማድረጊያው ግን አስቀድሞ አጋሮና ሊሙ ገነት ይተከል። የገጠሩ መንገድ እስኪጠገን ድረስ ለመስክ ሥራ የሚፈለግ መኪና የሚገባበት ግልጽ ደንብ ይውጣ። ዶላሩን ያመጣው ቡናው ነው፤ ዶላሩ መኪና ሆኖ ሲመለስ ቡናው ጋ የሚደርስ መኪና ይሁን።