ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቲማቲም የማን ነው?

ስልክ የያዘ የአዲስ አበባ ሰው ማስታወቂያውን ሳያየው አልቀረም። ንጹሕ ካርቶን፣ ውሃ የተረጨበት ቆስጣ፣ ቀይ ቲማቲም፣ በክር የታሰረ ካሮት። ከሥሩ «ከገበሬው በቀጥታ፣ ያለ ደላላ፣ ቤትዎ ድረስ» የሚል ጽሑፍ። ትእዛዙ በቴሌግራም፣ ክፍያው በቴሌብር፣ ማድረሻው በሞተር።

ሐሳቡ ደግ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት ወጥታ ማታ ሁለት ሰዓት ለምትመለስ እናት፣ ከታክሲ ሰልፍ በኋላ ቆሞ ሽንኩርት መምረጥ ሌላ ፈረቃ እንደመግባት ነው። ይህን የሚያቀልላት ሰው ቢያተርፍበት ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ጥያቄው «ከገበሬው በቀጥታ» በምትለዋ ሐረግ ላይ ነው። ቤት ማድረስ አንድ ሥራ ነው፤ ከገበሬ ጋር መገናኘት ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱ በአንድ ካርቶን ታሽገው ስለሚቀርቡ ገዢው ለአንዱ ከፍሎ ሁለቱንም ያገኘ ይመስለዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሻጩን «ይህን ቲማቲም ያመረተው ማን ነው? መቼ ተለቀመ?» ብሎ መጠየቅ። «የመቂ ነው» የሚል መልስ ከመጣ የተነገራችሁ መኪናው ከየት እንደተነሣ ብቻ ነው። ሌሊት ላፍቶ አትክልት ገበያ የሚያራግፈው አይሱዙ ሾፌርም ያንኑ ይላል። አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ ገባ፣ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ቦታው ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ሽንኩርቱ የሚያልፍባቸው እጆች ግን እምብዛም አልተቀየሩም። ከዚያው ገበያ የተገዛ አትክልት በካርቶን ስለታሸገ ብቻ ከገበሬ የመጣ አይሆንም።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለመረዳት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ወርዶ መቂን ማየት ይጠቅማል። ከመቂ እስከ ባቱ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፣ ከተማዋ የምትበላው ሽንኩርትና ቲማቲም ትልቅ ድርሻ በመስኖ ይለማል። እዚያ «ገበሬው» የሚለው ቃል ራሱ አንድን ሰው ላያመለክት ይችላል። መሬቱ የአንዱ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር፣ ዘሩና ማዳበሪያው የሌላው፣ ጉልበቱ የሦስተኛው ይሆንና ምርቱ የሚከፈልበት እርሻ ብዙ ነው። «ገበሬውን እንደግፍ» የሚል ነጋዴ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ቢጠየቅ መልካም ነበር።

ቲማቲም ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ሲቀላ መለቀም አለበት፤ በተለቀመ በጥቂት ቀን ውስጥ መሸጥ አለበት። በዚያች ሰዓት መኪና የሚያቀርብ፣ የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ የሚያውቅ፣ ጥሬ ብር የሚቆጥር ሰው ደላላው ነው። አንዳንዴም ለዘርና ለመድኃኒት ያበደረው እሱ ራሱ ነው። ያበደረ ሰው ዋጋ ሲናገር «አይሆንም» ማለት ከባድ ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ካደረሰ ዋጋው ከለቃሚና ከሳጥን ወጪ በታች ይወርድና ቲማቲሙ ማሳው ላይ ይቀራል። በሌላ ወቅት ደግሞ በ2015 እንደታየው አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከተማ ውስጥ መቶ ብር ያልፋል። በሁለቱም ጊዜ የሚሰደበው ደላላው ነው። ስድቡ ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ደላላው የሚሠራቸው ሦስት ሥራዎች፣ ማበደር፣ ማጓጓዝና ገዢ ማግኘት፣ አንድ ሰው የግድ ሊሠራቸው የሚገቡ ናቸው። «ያለ ደላላ» የሚል ካርቶን እነዚህን ማን እንደወሰዳቸው መናገር አለበት። ሞተረኛው የሚሸፍነው የመጨረሻዋን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

በየሳምንቱ ቤት የሚደርስ የአትክልት ካርቶን በሌላው ዓለም ሲጀመር ዋናው ነገር ማድረሱ አልነበረም። በጃፓን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምግብና በወተት ውስጥ ያለው ኬሚካል ያስጨነቃቸው የቤት እመቤቶች ከገበሬዎች ጋር ራሳቸው ተዋዋሉ፤ «ቴይኬይ» ይሉታል። በአሜሪካ በ1986 በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሻየር ሁለት እርሻዎች ተመሳሳይ ነገር ጀመሩ፤ በፈረንሳይ በ2001 በኦባኝ ከተማ። አገሩ ይለያይ እንጂ የአሜሪካውና የፈረንሳዩ ስምምነት አጥንቱ አንድ ነው፦ ቤተሰቡ ለወቅቱ አስቀድሞ ይከፍላል፣ ገበሬው በዚያ ገንዘብ ይዘራል፣ ካርቶኑ ውስጥ የሚገባው ማሳው የሰጠው ነው። በረዶ ከመታው ካርቶኑ ይቀልላል፤ ከተረፈ ይከብዳል። ገዢው የገበሬውን ስጋት ተካፍሏል።

የአዲስ አበባውን ካርቶን ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። ደንበኛው ሦስት ኪሎ ቲማቲም፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ብሎ ይመርጣል። ሲደርሰው አይቶ ይከፍላል። ለስለስ ያለ ካገኘ ይመልሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከረሳ አያዝዝም። ስጋቱ በሙሉ ሻጩ ላይ ነው፣ ሻጩም ወደ ኋላ ገፍቶ ገበሬው ላይ ይጥለዋል። በዚህ አሠራር ሻጩ ከአንድ ገበሬ ጋር ለመተሳሰር ቢፈልግ እንኳ አይችልም፤ የሚቀጥለው ሳምንት ትእዛዝ ስንት እንደሆነ አያውቅምና። ስለዚህ ያለው አማራጭ ማለዳ ገበያ ሄዶ የታዘዘውን መግዛት ነው። ይህ የሻጩ ክፋት አይደለም። ደንበኛው የከፈለው ለዚህ ነው።

ሒሳቡም አይወጣም። ድንችና ሽንኩርት ከባድና ርካሽ ዕቃ ነው። አርባ ቤት ለየብቻ በሞተር ሲደርስ የማድረሻው ዋጋ የድንቹን ትርፍ ይበላዋል። ከዚህ በኋላ ሻጩ ሁለት መንገድ ይቀረዋል፦ ዋጋ ሰቅሎ የባለ ቪላ ሱቅ መሆን፣ ወይም መዝጋት።

እዚህ ላይ ነው አገሩ የራሱ የሆነ ነገር እንዳለው መታወስ ያለበት። አስቀድሞ መክፈልን ለኢትዮጵያዊ ማስተማር አያስፈልግም። ዕቁብ የሚጥል ሰው ገና ላልደረሰው ነገር በየሳምንቱ እጁን ይዘረጋል፤ ዕድር የሚከፍል ደግሞ እንዳይመጣ ለሚመኘው ነገር ይከፍላል። በአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ያሉ አርባ ቤተሰቦች በሳምንት አምስት አምስት መቶ ብር ቢጥሉ ሃያ ሺህ ብር ነው፤ በአሥራ ሦስት ሳምንት 260 ሺህ ይደርሳል። የዚህ ሢሶ ከመዝራት በፊት ለገበሬ ቢሰጥ የዘርና የመድኃኒት ብድሩን ከደላላው እጅ ያወጣዋል። የቀረው በየሳምንቱ በምርት ልክ ይከፈላል። ማድረሻውም አርባ ጉዞ መሆኑ ቀርቶ አንድ ፒክአፕ በር ላይ አንዴ ያራግፋል። ካርቶን እንኳ አያስፈልግም፤ ቤተሰቡ ዘንቢሉን ይዞ ይወርዳል።

ወረቀት ላይ ያምራል። መሬት ላይ ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት አለው፣ እሱም ገበሬውም ሰው መሆኑ ነው። በኪሎ በሠላሳ ብር ተዋውሎ ሽንኩርቱ በደረሰበት ሳምንት ደላላ በሰባ ቢመጣስ? ሌሊት ጭኖ የማይልክ ስንቱ ነው? ዕቁብ የሚያዘው በይሉኝታና በዋስ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው ቢጠፋ ዋሱ ይያዛል፣ ስሙም በሰፈሩ ይጠፋል። ለመቂ ገበሬ የሰሚት ኮንዶሚኒየም ሰፈሩ አይደለም። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል፤ ይሁንና ለአርባ ቤተሰብ ሽንኩርት ፍርድ ቤት የሚመላለስ አይኖርም።

መፍትሔው ከውሉ አጻጻፍ ይጀምራል። መላ ማሳውን ሳይሆን ጥቂቱን መዋዋል፤ ሌላውን ገበሬው በፈለገው ዋጋ ይሽጥ። ዋጋውን በአንድ ቁጥር ከመቸንከር ከዚህ አይወርድም፣ ከዚህ አይወጣም ብሎ መወሰን። ገበያው ሲወድቅ ቤተሰቡ ወለሉን ካከበረ፣ ገበያው ሲሰቀል ገበሬው ጣሪያውን የማክበር ምክንያት ይኖረዋል። መጀመሪያ ማክበር ያለበት ግን ከተሜው ነው፤ ቲማቲም ጉልት ላይ በረከሰበት ሳምንት ውድ ከፍሎ ማሳየት አለበት። ዋሱን በተመለከተ፣ መቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ከሃያ ዓመት በላይ አለ፤ በከተማውም በኩል የሸማቾች ማኅበራት አሉ። ማኅበር ከማኅበር ሲዋዋል አንዱ ገበሬ ቢቀር ጎረቤቱ ይሞላል። እርግጥ የሸማቾች ሱቅ ሰልፍና የዘይት ወረፋ ያማረረው ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። አይፈረድበትም።

እዚህ ድረስ የተነሣው ሁሉ ስለ ገበሬው ነው። የበላተኛው ጉዳይ ግን ከዚያ አያንስም። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባን ገበያ ሲያጠግብ ኖሯል። ወንዙ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ እንደሚሸከም የማያውቅ የለም፤ የተሠሩ ጥናቶችም በውሃውና በቅጠሉ ላይ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ይህ በሎሚና በኮምጣጤ ታጥቦ የሚወጣ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው በኩል ደግሞ ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ትል በ2012 (እ.ኤ.አ.) አገር ውስጥ ከታየ ወዲህ ርጭቱ በርትቷል። ከርጭት እስከ መልቀም መጠበቅ ያለበት ቀን አለ። ዋጋ ሲወደድ ያን ቀን ማን ይጠብቃል?

ሰላጣውን ጥሬውን ለልጇ የምታቀርብ እናት ይህን በዓይን አይታ ልትለይ አትችልም። ያላት መሣሪያ ማን እንዳመረተው፣ በምን ውሃ እንዳጠጣው፣ መቼ እንደረጨ መጠየቅ ነው፤ የሚመልስላት ሰው ካለ። ካርቶኑ ሊሸጥ የሚገባው በዚህ ነው። «ኦርጋኒክ» የሚል ተለጣፊ ማንም ያትመዋል። የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ የለቀመበት ቀንና የመጨረሻ ርጭቱ ተጽፎ የመጣ ካርቶን ግን ለመዋሸት ይከብዳል፤ ከአርባ ቤተሰብ አንዱ ቅዳሜ መኪና አስነሥቶ ሄዶ ሊያየው ይችላልና።

ስለ ጉልት እናቶችም መነሣት አለበት፤ «ሰንሰለቱን እናሳጥር» ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጡት እነሱ ናቸውና። ዋጋውን የሚወስኑት እነሱ አይደሉም። በመደብ በመደብ ከፍለው፣ የአሥር ብር ቃሪያ ቆጥረው፣ «ነገ ትከፍያለሽ» ብለው የሚያበድሩ ናቸው። ይህን የትኛውም መተግበሪያ አይሠራውም። የብሎኩን አትክልት በሰው ቁጥር የሚያከፋፍል፣ ያልመጣውን ጎረቤት ድርሻ የሚያስቀምጥ፣ የተረፈውን የሚሸጥ ሰው ያስፈልጋል። በሩ ላይ ለዓመታት የተቀመጠችው እናት ለዚህ ሥራ ከሞተረኛው ትሻላለች፤ ሰውን ሁሉ በስሙ ታውቀዋለች። ከዕቁቡ ትንሽ ድርሻ ቢቆረጥላት እሷም ከሌሊት ገበያ ጉዞ ታርፋለች።

የማይቀር ሌላ ነገር ወቅት ነው። በክረምት ዝናቡ ቲማቲሙን በበሽታ ይመታዋል፤ ያኔ ከደጋው የሚመጣው ድንች፣ ጥቅል ጎመንና ካሮት ካርቶኑን ይይዘዋል። ቲማቲም የሌለበት ሳምንት ሲመጣ «ገንዘቤን መልሱ» የሚል አባል ያለበት ማኅበር መስከረምን አያይም።

ጾሙ ግን ትልቅ ዕድል ነው። የትኛውም የአውሮፓ እርሻ ደንበኛው በየትኛው ሳምንት ጎመን እንደሚበላ ከዓመት በፊት አያውቅም። እዚህ የቀን መቁጠሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፦ 55 ቀን ዓቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያት፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ። ገበሬው ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ መዝራት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ማሳው ላይ ያለው ቆስጣና ጎመን ግን እያደገ ነው። የብሎኩ ሰው ቅርጫ ተከፋፍሎ፣ ዶሮ ሠርቶ፣ ፍሪጁ ሞልቶ ባለበት ሳምንት ፒክአፑ ጎመን ጭኖ በር ላይ ይቆማል። ገንዘቡ ተከፍሏል። የሚወርድ ሰው ይኖራል ወይ? ማኅበሩን የሚያቋቁም ሰው ይህን ጥያቄ በየካቲት፣ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንኳኩቶ ማቅረብ አለበት።